ክረምት ያልሰበረው ወንበር

ዴራ ላይ ዝናብን በስሙ ጠርቶ ማማት ነውር ነው። ዶዶታ ወረዳ ሰማይ እያየ የሚኖር አገር ነው። በልጉ የቀረበትን፣ ሰኔ ተጋምሶም ነፋሱ አቧራ እንጂ ደመና ያላመጣበትን ዓመት ያየ ሰው ሐምሌ ላይ «ኧረ ጭቃው በዛ» ብሎ አፉን ቢከፍት፣ አጠገቡ ያሉት ሽማግሌ በከዘራቸው መሬቱን መታ አድርገው «ተው ልጄ፣ እንዳይሰማህ» ይሉታል። ማን እንዳይሰማው አይናገሩም። የቦሩን ወንዝ ጎርፍ ጠልፎ ማሳ ለማጠጣት ቦይ የተቆፈረበት ወረዳ ነው። ጎርፍ እንኳ በክብር በሚስተናገድበት አገር ካፊያን መክሰስ አያምርም።

ሰው ግን ሰው ነው፤ ሳያማ አይውልም። ስለዚህ እኛ ዴራዎች ዝናብን የምናማው በወንበር በኩል ነው። «ዝናቡስ ተመስገን ነው፤ ይችን ወንበር ግን ፈጃት» እንላለን። ምስጋናውም ቅሬታውም በአንድ ትንፋሽ ይወጣል፤ ሰማዩም የሚቀየምበት ሰበብ አያገኝም። ይህ ሐሜት ግን ዓመት በዓመት ሲደጋገም ሰማሁና አላስችል አለኝ። ለክረምቱ ጠበቃ የሚቆምለት ካልተገኘ እኔ ልቁምለት።

የደጅ ወንበር ስል መጽሔት ላይ የሚታየው፣ ሣር ላይ የተዘረጋ፣ ትራስ የተደረገለት፣ ጃንጥላ የተተከለለት ዕቃ በዓይናችሁ አይምጣ። የዴራ የደጅ ዕቃ ሌላ ነው። በረንዳ ላይ የሚቀመጠው ባለመደገፊያ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር አለ። ከመኪና መንገዱ ዳር ጀበና ቡና የምታፈላው ልጅ የምትደረድራቸው፣ ቁመታቸው ከጉልበት የማያልፍ የፕላስቲክ ዱካዎች አሉ። የልብስ ሰፊው በር ላይ ያለ የባሕር ዛፍ አግዳሚ፣ ከሱቁ ጎን ተጋድሞ ስንቱን ሥራ ፈት ያሳደገ የግራር ግንድ፣ አያቶች ጠዋት ይዘውት ወጥተው ማታ ይዘውት የሚገቡት በርጩማ፣ ቤቱ ደኅና ከሆነ ደግሞ በፓይፕ የተበየደ የብረት ወንበር። እድሩ ጋ ስንደርስ ሌላ ዓለም ነው፤ እሱን ቆይቼ አነሣዋለሁ።

ሳሎን ያለው ሶፋ በዳንቴል ተሸፍኖ ከፀሐይም፣ ከዝናብም፣ ከሰውም ተጠብቆ ይኖራል። ልጆች እንዳይቀመጡበት ይከለከላሉ። ለእንግዳ ነው የተቀመጠው እንዳይባል፣ እንግዳው ራሱ ሲመጣ «ኧረ ደጅ ይሻለኛል፣ ነፋስ አለው» ብሎ በረንዳው ላይ ይቀራል። ዴራ ቆላ ቀመስ ናትና እውነቱን ነው። ማዕረጉን የያዘው ሶፋው፣ ሥራውን የሚሠራው የደጁ ወንበር። ለሶፋው ዳንቴል አለለት፤ ለደጁ ወንበር ማን አለው?

ታዲያ ነሐሴ ላይ ወንበሩ ይሰበራል። አሰባበሩን አይታችሁት ይሆናል። እንግዳው ከበድ ያሉ ናቸው። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ሁለቱን የክንድ ማሳረፊያ ይዘው፣ «እፎይ» ብለው ይቀመጣሉ። ቡናው ይቀዳል፤ ስለ ስንዴውና ስለ ጤፉ ይወራል። ሁለተኛው ስኒ ላይ፣ ወሬው ጥሞ ወደ ኋላ ዘንበል ሲሉ፣ የኋላው እግር ጧ! ይላል። እንግዳው በአንድ ጎን ይሄዳሉ፤ ስኒው ግን እጃቸው ላይ ቀጥ ብሎ ይቀራል። የአርሲ ሰው ቢወድቅም ቡና አይደፋም። የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ «እኔን!» ይላል።

ቀጥሎ የሚባለውን አስተውሉ። እንግዳው «ኧረ እኔ ነኝ ያለቅጥ የተጫንኩት» ይላሉ። የቤቱ እመቤት «ምን በወጣዎ! ድሮም ክረምቱ አበስብሶት ነበር» ትላለች። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ምን ይደረግ? የእንግዳውን ክብደት ማንሣት አይቻልም። እመቤቲቱ ገበያ ላይ ካሉት ወንበሮች ሁሉ ርካሹን መርጣ መግዛቷን ማንሣት አይቻልም። ከጥቅምት እስከ ግንቦት «ወንበሩን ከፀሐይ ላይ አንሣው» ተብሎ ያላነሣው ልጅም ረከቦቱ አጠገብ ቆሞ ያያል፤ እሱን በእንግዳ ፊት መቆጣት አይቻልም። የቀረው ተከሳሽ አንድ ብቻ ነው። ደጅ ላይ እየዘነበ ነው፤ መልስ አይሰጥም፤ አይቀየምም። ክረምት በየዓመቱ የሚፈረድበት በማስረጃ አይደለም፤ በይሉኝታ ነው።

ማስረጃው እንዲህ ነው። ይህ ወንበር የተሠራበት ፕላስቲክ ፖሊፕሮፒሊን ይባላል። ጣሊያናዊው ኬሚስት ጁሊዮ ናታ እ.ኤ.አ. በ1954 ነው በሥርዓት የሠራው፤ እ.ኤ.አ. በ1963ም ከጀርመናዊው ካርል ዚግለር ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ፈረንሳዊው ሄንሪ ማሶኔ እ.ኤ.አ. በ1972 ከእግር እስከ መደገፊያ ወጥ የሆነ፣ ምስማርም ብሎንም የሌለው፣ ቅልጥ ፕላስቲክ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ገብቶ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ወንበር ሆኖ የሚወጣበትን ዘዴ አመጣ። ዓለምን የሞላው ነጭ ወንበር ዘሩ ከዚያ ነው። የስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ «የከተማዬን መልክ አበላሸብኝ» ብላ እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2017 ከአደባባይ አግዳው ነበር። ዴራ ላይ ቢታገድ ሰርግም ለቅሶም በቁም ይሆን ነበር።

ፖሊፕሮፒሊን ውሃ አይጠጣም ብንል ይቀላል። ሐምሌንና ነሐሴን በርሜል ውስጥ ተነክሮ ቢከርም ሲወጣ ያው ነው። አይዝግም፣ አይበሰብስም፣ ምስጥ ቀምሶ ይተወዋል። እሱን የሚገድለው ፀሐይ ነው። ለዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት ጨረር ፕላስቲኩ የተያያዘበትን ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት ይበጥሰዋል፤ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ደግሞ በተበጠሰበት ይገባና ጥፋቱን ያሰፋዋል። ፋብሪካዎች ይህን የሚከላከል መድኃኒት ይቀላቅላሉ፤ ርካሹ ወንበር ላይ ግን እጃቸው ያጥራል። ጨረሩ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይበረታል፤ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ። ዴራ ቆላ ቀመስ ትባል እንጂ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። በዚያ ላይ ከምድር ወገብ የራቅነው ስምንት ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ቀትር ላይ ልክ ከአናታችን በላይ ትቆማለች። የሚያዝያዋን አናታችንም ወንበራችንም ያውቃታል። የነሐሴዋን ማን አያት? ደመና ጋርዷታል። ወንበር ሰባሪ የተባለው ክረምት ለካ ለወንበሩ ጃንጥላ ይዞ ነው የከረመው።

ምርመራው አዋቂ አይጠይቅም። ግንቦት ላይ፣ አንድም ጠብታ ሳይወርድ፣ የወንበሩን መደገፊያ በአውራ ጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ እሹት። ጣታችሁ ላይ ኖራ የመሰለ ነጭ ዱቄት ይቀራል። ጥቁር ሱሪ ለብሶ ለቅሶ ደርሶ የሚመለስ ሰው ከኋላው ነጥቶ የሚታየው በዚህ ነው፤ ወንበሩ ቆዳው እየተላጠ ነው። ከዚያ ገልብጡትና የኋላ እግሮቹ ከመቀመጫው ጋር የሚገናኙበትን ጎድጓዳ ቦታ እዩ። ከፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ጎን ለጎን ተሰልፈው ታገኛላችሁ፤ ጥፍር ሲሄድባቸው ይይዛል። ወንበሩ በዚያች ቀን ሞቷል። የቀረው ከበድ ያለ እንግዳ ብቻ ነው። በጋውን ሙሉ በሥራ ያለቀ ሠራተኛ ዕረፍት በወጣ ማግስት ቢሞት «ዕረፍት ገደለው» ይባላል? እኛ ያልነው ይህንኑ ነው።

ቅዝቃዜስ የሚል ይኖራል። በረዷማ አገር ያሉ ሰዎች የበጋ ወንበራቸውን ሰብስበው ጎተራ የሚያስገቡት እውነት ነው፤ ውሃ ሲረጋ 9 በመቶ ያህል ስለሚያብጥ ስንጥቅ ውስጥ የገባው ጠብታ እንጨቱንም ሸክላውንም ይፈነክተዋል። የእኛ ክረምት ግን ውሃ አያረጋም። ከ4,000 ሜትር የሚዘለው ጭላሎ ራሱ ውርጭ የሚያሳየን ሰማዩ ሲጠራ፣ ከጥቅምት ወዲያ ነው። በክረምት ደመናው ብርድ ልብስ ነው።

ለተሰበረው ወንበር ደግሞ ሐኪም አለው። ምስማር ፍም ውስጥ ይከታል፤ ሲቀላ በጉጠት ያወጣውና ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ቀዳዳ ይበሳል። ጭሱ አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ልጆች ግን አይርቁም። ቀጥሎ ቀጭን ሽቦ እያመላለሰ ይሰፋና ጫፉን በፒንሳ ጠምዝዞ ወደ ታች ያጥፈዋል። ማጠፉን የረሳ እንደሆነ የሱሪ ቀዳጅ ይሆናል። እንዲህ የተሰፋ ወንበር ከአዲሱ ይልቅ ዕድሜ አለው የሚሉ አሉ፤ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ጠባሳውን ያየ ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ይቀመጥበታል።

መሸፈኛችንም ያስቃል። አርሲ ለማዳበሪያ ከረጢት ባዳ አይደለችም። ካዱ እየተባለ የሚጠራው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በ1960ዎቹ መግቢያ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ አሰላ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ማዳበሪያው ወደ ማሳ፣ ከረጢቱ ወደ ቤት ነው የሚሄደው። እህል ይያዝበታል፣ ጣሪያ ይደፈንበታል፣ ወንበር ይሸፈንበታል። የዛሬው ከረጢት የተሸመነው ግን ከዚያው ከፖሊፕሮፒሊን ነው፤ የወንበሩ የሥጋ ወንድም ነው። ፀሐይ ላይ ከዋለ ከወንበሩ ቀድሞ ይተለተላል፤ ክሩ ግቢውን ሞልቶ የዶሮ እግር ይጠልፋል። ያም ሆኖ በጋ ላይ ቢሸፈንበት ለወንበሩ መስዋዕት በሆነለት ነበር። እኛ የምንሸፍነው መቼ ነው? ሰኔ ሲገባ! ጥቅምት ላይ «ተመስገን፣ ዝናቡ አለፈ» ብለን ገልጠን ለጠላቱ እናስረክበዋለን።

ፕላስቲክን በተመለከተ ክረምት ላይ ሊደረግ የሚገባው ትንሽ ነው። በሳሙና አጥቦ፣ ማንም የማይቀመጥበትን ገልብጦ ማስቀመጥ። መቀመጫው ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ውሃ ያቁራል፤ የታቆረ ውሃ ደግሞ የወባ ትንኝ ነገር በሚፈራበት እንደ ዴራ ባለ ቦታ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ያስቆጣል። መገልበጡ ለነፋሱም ይረዳል። አዳማ ዙሪያ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ለጌጥ አይደለም፤ ይህ አካባቢ ሲነፍስ ባዶ የፕላስቲክ ወንበር አጥር ዘሎ ጎረቤት ያድራል። ጎረቤት ያደረ ወንበር መመለሱ አይቀርም፤ ግን ተቀምጠውበት ነው የሚመልሱት።

እንጨት ላይ ስንመጣ ጠበቃነቴን ላላ ማድረግ አለብኝ። እንጨትና ክረምት እውነተኛ ጠብ አላቸው። ይሁንና ሰው ሁሉ የሚጠብቀው መቀመጫውን ነው፤ አግዳሚ የሚበሰብሰው በእግሩ ነው። ዛፉ ቆሞ ሳለ ውሃ ሽቅብ የሚስብባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ተቆርጦ አግዳሚ ከሆነ በኋላም አሉ፤ አፋቸው ደግሞ ጭቃው ውስጥ ነው። ሰኔ ላይ የተተከለ እግር መስከረም ድረስ ሲጠጣ ይከርማል። እንጨት አብስባሽ ሻጋታ ሥራ የሚጀምረው የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ ሲዘል ነው፤ ከዚያ በታች እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ስለዚህ ትልቁ የእንጨት መድኃኒት ዋጋ የለውም፤ ከእያንዳንዱ እግር ሥር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ማስገባት ነው። ይህን የነገረኝ ጎረቤታችን አናጢ ነው። ላስቲክ የሚባል ነገር አይወድም። «እንጨት የሚሞተው ስለራሰ አይደለም፤ እንዳይደርቅ ሲከለክሉት ነው» ይላል። ላስቲክ ጥብቅ አድርገው የሚያለብሱ ሰዎች ከውጭ የሚመጣውን ዝናብ ይከለክሉና ከመሬት የሚወጣውን እንፋሎት ከእንጨቱ ጋር አፍነው ይቆልፉበታል። ከላይ ጣሪያ፣ ከጎን ነፋስ፤ የአናጢው ሕግ ይኸው ነው። ጽድና ወይራ የሆነ እንደሆነ ይህን ሁሉ ችሎ ይኖራል፤ ምስጥም ይፈራዋል። ዛሬ አግዳሚ የሚሠራው ግን ከባሕር ዛፍ ነው፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ሳይደርቅ ተመትቶ ገና ሲደርቅ መጣመም ይጀምራል፤ አንድ እግሩ ሁልጊዜ አየር ላይ ነው።

ከአሰላ የሚመጡ ዘመዶች ይህን ሁሉ ስናወራ ይስቁብናል። ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው የሚኖሩት፤ እነሱ ጋ ዝናቡ የሚገባና የሚወጣ እንግዳ ሳይሆን ተከራይ ነው። አግዳሚያቸው ሽበት የሚያወጣው አረንጓዴ ነው። ዴራ ሲወርዱ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ሰማዩን ቀና ብለው አይተው «ይሄም ክረምት ሆኖ?» ይሉና በረንዳችን ላይ ካለው ወንበር ደኅናውን መርጠው ይቀመጣሉ።

ወደ እንጨቱ ልመለስ፤ የቀረኝ ቅባቱ ነው። ከአዳማ አሰላ መንገድ ዳር ጋራዥ ላለበት ከተማ የእንጨት ቅባት ማለት የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው። ምስጥ ይጠላዋል፤ ለአጥር ቋሚ ሲቀባ ኖሯል። ልብስ ሰፊው ዘንድሮ አግዳሚውን ከራስ እስከ እግሩ ቀባው። ወረፋ የሚጠብቀው ደንበኛ ሁሉ የሚያሰፋውን ሱሪ ይዞ መጥቶ የለበሰውን አበላሽቶ ሄደ። ለልብስ ሰፊው ክፉ ንግድ አይመስልም፤ እሱ ግን ይምላል፣ አስቦበት አልነበረም።

የሚሻለው የተልባ ዘይት ነው፤ አናጢው እንደሚለው ቫርኒሽ ከላይ ቆዳ ሆኖ ይቀመጥና ፀሐይ ስትሰነጥቀው ውሃ ከሥሩ ያስገባል፣ የተልባ ዘይት ግን ወደ ውስጥ ይገባል። የሚደርቀውም እንደ ውሃ ተንኖ አይደለም፤ ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ይጠነክራል። ተልባ ደግሞ ለአርሲ ደጋ የቤት ልጅ ነው። ይህን ለእናቴ ሳስረዳ፣ ተልባውን እየቆላች ሰማችኝና እጇን አቆመች።

«ለምኑ አልከኝ?»

«ለአግዳሚው እማዬ። ዘይቱ እንጨቱን ይጠብቀዋል።»

«ፍልሰታ እየገባ ተልባዬን ለእንጨት?»

«ከገበያ የተጨመቀ እገዛለሁ፤ ያንቺን አልነካም።»

«እንጨቱ ይጾማል እንዴ?» አለችና መቁላቷን ቀጠለች።

አግዳሚው እስካሁን ጾመኛ ነው። ዘይቱን ያገኘ ሰው ግን አንድ ነገር ይወቅ፤ የቀባበትን ጨርቅ ጠቅልሎ ጥግ እንዳይወረውር። ዘይቱ ኦክስጅን ሲወስድ ይሞቃል፤ የተጠቀለለ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ማንም ክብሪት ሳይጭር እሳት ይነሣል። ዘርግቶ ማድረቅ ነው። አግዳሚ ላድን ብሎ ቤት ያቃጠለ ሰው፣ ያኔ ክረምቱን ቢያማ እንኳ ማንም አያምነውም።

ስለ ብረት ወንበር ብዙ የምለው የለኝም። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ማራገፍ፣ አንቲረስት መቀባት፣ ቀለም ከላይ መደረብ፤ የፓይፑ እግር ጫፍ ላይ ያለችው የፕላስቲክ ጫማ ከወለቀች መተካት። ሐምሌ ላይ የሚቀመጥበት የለም፤ ይቀዘቅዛል። ከጠፍር የተሠራውን ደግሞ ደጅ ማሳደር ለሁለት ነገር ማጋለጥ ነው። ጥሬ ቆዳ ሲርስ ይረግብና መቀመጫው እንደ ከረጢት ይንጠለጠላል፤ ሲደርቅ መልሶ ይወጠራል፣ ክፈፉንም ያጣምመዋል። ይህ ቀላሉ ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ በሚያውቁት አገር ግን አንጥፉልኝ አይልም፤ ጠፍሩን በልቶ እንጨቱን ትቶልን ይሄዳል።

እንግዲህ እድሩ። የእድራችን ንብረት ክፍል ዙሪያውን ቆርቆሮ የሆነች አንዲት ክፍል ናት። ውስጧ ድንኳኑ፣ አግዳሚዎቹ፣ ካስማና ምሰሶው፣ ብረት ድስቱ፣ ብርጭቆው፣ ሳፋው አለ። የፕላስቲክ ወንበሮቹ ክፍሏ ስለማትበቃቸው ከጀርባዋ፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ተደራርበው ይውላሉ፤ ግድግዳው ደግሞ ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ የማትለየው ነው። ንብረት ያዣችን ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። እስክሪብቶ ከጆሯቸው፣ ደብተር ከብብታቸው አይጠፋም። እያንዳንዱን ወንበር ገልብጠው ሆዱ ላይ በቀይ ቀለም የእድሩን ምልክት አድርገውበታል። ያም ሆኖ ከለቅሶ ሲመለስ ቆጠራው ልክ አይመጣም። የሚገርመው መጉደሉ አይደለም፤ አንዳንዴ ይተርፋል። የሌላ እድር ወንበር፣ የጎረቤት ወንበር፣ ባለቤቱ የማይታወቅ ሦስት እግር ያለው ዱካ አብሮ ይመጣል። የተረፈውን ምን ብለው ይመዝግቡት? «በአደራ» ይላሉ፤ በአደራ የገባ ዕቃ አሁን ራሱን የቻለ ጥግ ይዟል።

ሞት ክረምት ነው ብሎ አይቀርም። ሰርጉ ጥርን ይጠብቃል፤ ለቅሶ ግን ሐምሌ እኩለ ቀን ላይ ይመጣል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንዱን ድንኳን ነው የሚጠለለው። የሸራ ድንኳን ጠባዩ የታወቀ ነው። ሲርስ ክሩ ያብጥና ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ስለዚህ አያፈስም። ከውስጥ በጣት የነኩት እንደሆነ ግን እዚያ ቦታ ላይ ማንጠብጠብ ይጀምራል። ለዚህ ነው ንብረት ያዣችን ድንኳኑ ሥር እየዞሩ «እንዳትነኩት!» የሚሉት፤ ለዚህ ነው ልጆችም አንድ በአንድ የሚነኩት።

ነገር የሚመጣው አወጣጠሩ ሲላላ ነው። ውሃው መሐል ላይ ይከማቻል፤ ድንኳኑ ያረግዛል። አምስት ጀሪካን ውሃ አንድ ኩንታል ነው፤ ያ ኩንታል ከሽማግሌዎቹ አናት በላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ሐምሌ ላይ አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ አንድ ቅን ወጣት የመጥረጊያ እንጨት ይዞ ተነሣና ሆዱን ከሥር ገፋ አደረገው። ውሃው ሄደ። የሄደው ግን በመግቢያው በኩል ነበር፤ በዚያች ቅጽበት ደግሞ ከሩቅ የመጡ ዘመዶች እያለቀሱ ይገቡ ነበር። ፊት የነበሩት ሰውዬ ከነካፖርታቸው ራሱ። ለቅሷቸውን ለአፍታ አቆሙ፤ ወደ ላይ አዩ፤ ከዚያ ካቆሙበት ቀጠሉ። ለቅሶ ቤት መሳቅ አይቻልም። ወጣቱ ነጠላውን አፉ ላይ ጭኖ አንገቱን ደፋ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አጠገቡ ያሉ እናት ጀርባውን እየደበደቡ «አይዞህ የኔ ልጅ፣ ቻለው» ይሉታል። እኔም ነጠላዬን ፈለግሁ።

ንብረት ያዣችን የሚደክሙት ግን ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ነው። የረጠበ ሸራ ታጥፎ ከተቀመጠ ቀናት ሳይቆይ ይሻግታል፤ የሻገተ ሸራ በሚቀጥለው ጊዜ ሲወጠር ይቀደዳል። ስለዚህ ዝናቡ ሲያባራ ያሰጡታል፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም ይሰበስቡታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጥር ላይ ሲያሰጡ፣ ሲሰበስቡ፣ ደግሞ ሲያሰጡ አየኋቸው። «ጋሼ፣ ይረፉ እንጂ» ብላቸው «ድንኳኑ ሲያርፍ አርፋለሁ» አሉኝ። ክረምቱን ግን አላሙትም። ዴራ ተወልደው ያደጉ ናቸው።

በወርሃዊው ስብሰባ ላይ ይህን ሁሉ ክርክሬን አቀረብኩ። ድንኳኑና አግዳሚው ክፍሏ ውስጥ ይሁን፤ የፕላስቲክ ወንበሮቹ ግን ሰኔ ሲገባ ሳይሆን መስከረም ሲጠባ ነው ጥላ የሚያስፈልጋቸው፤ ከጀርባ በኩል አራት ቋሚ ተተክሎ ቆርቆሮ ይልበስላቸው አልኩ። ዝም ብለው አዳመጡኝ። ከዚያ አንድ አባት «በጋማ ምን ይነካቸዋል ልጄ፣ ፀሐይ ነው እኮ ያለው» አሉ። ገንዘብ ያዡ የቆርቆሮ ዋጋ ጠቀሰ፤ ሰው አጉረመረመ። አንዲት እናት ተነሥተው «ለወንበር ጥላ ከመሥራታችን በፊት ለሰው አንሠራም ወይ?» ሲሉ ጭብጨባ ሆነ። ዳኛው ጉዳዩ ለሚቀጥለው ወር ይተላለፍ ብለው፣ እስከዚያው የተሰበሩት ወንበሮች እንዲሰፉ ወጪ ተፈቀደ።

ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ጮክ ብሎ እያነበበ መጻፍ ጀመረ። «ወንበሮቹ በክረምቱ ምክንያት ስለተጎዱ...»

እጄን አወጣሁ። «ክረምቱ አይደለም ብያለሁ።»

«ታዲያ በማን ምክንያት ልበለው?» አለና እስክሪብቶውን ይዞ ጠበቀኝ።

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። በየወንበሩ ላይ ከበድ ከበድ ያሉ አባቶች ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል፤ ሁሉም እኔን ነው የሚያዩኝ።

«ክረምቱ በለው» አልኩት።